ከኤም ዲ አር በኋላ፦ ወደ ስፌት መኪናዬ የመመለስ ማስታወሻ

ጥር መጀመሪያ

መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። ከዓመት ከመንፈቅ በላይ በየዕለቱ ስውጠው የኖርኩትን ኪኒን የመጨረሻዋን እፍኝ ውጬ፣ አክታዬም ደጋግሞ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ በኋላ ካርዴ ላይ «ድኗል» ተብሎ ተጽፏል። በሽታዬ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ቲቢ ነበር፤ እኛ ታማሚዎቹ ኤም ዲ አር እንለዋለን። ነርሷ ካርዱን ስታቀብለኝ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ከእንግዲህ ጤነኛ ነህ» አለችኝ። ጤነኛው ሰውዬ ከሆስፒታሉ በር ባጃጁ እስከቆመበት ድረስ ግድግዳ እየተደገፈ ነው የሄደው።

ያለሁበትን ሁኔታ ልጻፈው፤ ኋላ ለማነጻጸር ይጠቅመኛል። የቀኝ ሳንባዬ የላይኛው ክፍል ጠባሳ ይዟል፤ ራጁ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪሙ ይህ እንደማይጠፋ በግልጽ ነግሮኛል። ጭኔና ባቴ ሟሟ። የእጆቼ ጣቶች ጫፍና ሁለቱም እግሮቼ ከቁርጭምጭሚት በታች ደንዝዘዋል፤ ይሄ የቲቢው ሳይሆን ሊንዞሊድ የሚባለው መድኃኒት ሥራ ነው፤ ባክቴሪያውን ሲያጠቃ ነርቭም ይነካል። ፊቴ ደግሞ ጠቁሯል፤ ያ የክሎፋዚሚን ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በወራት ምናልባትም ከዓመት በላይ በሆነ ጊዜ እየለቀቀ ይሄዳል ተብያለሁ። እስከዚያው እዚህ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «አቦ ምን አከሰለህ?» ማለቱን አይተውም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። መሥሪያዬ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው መኪና ግርግር ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ የስፌት መኪና የተደረደረበት ጠባብ መንገድ። ቤቴ ታች ኤረር በር አጠገብ ነው። እንግዲህ ሥራዬ ይሄ ነው፦ ከኤረር በር ተነሥቶ ዳገቱን በእግር መውጣት፣ ደርሶ መኪና እየረገጡ መስፋት፣ ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ ከልጄ ጋር የምጫወትበት ትንፋሽ ማትረፍ።

በሕክምናው ጊዜ ስለ መድኃኒቱ የተነገረኝ ብዙ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ ዓይን ለምን እንደሚታይ፣ የልብ ምት ለምን በየጊዜው በማሽን እንደሚነሣ። ከዳኑ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ወሬ የለም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ።

ከጥምቀት በኋላ

ለበዓሉ ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ ያዘዘልኝ አንድ ነው፦ ብላና ተኛ። እናቴማ ጎንበስ ብዬ ጫማ ሳስር ስታየኝ «ተው ልጄ፣ እኔ ልሰርልህ» ትላለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለኝም በዝቷል፤ እኔ እንኳ እንቁላሉን እንድበላው ነው የታዘዝኩት። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጭኔን የጨረሰው ቲቢው ብቻ አይደለም፣ አልጋውም አለበት። በሽታው ሥጋህን ይበላል፤ መተኛቱ ደግሞ የቀረውን ያሰንፈዋል።

ይህን ያስረዳኝ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ሰውነትን በእንቅስቃሴ የሚያክመው ባለሙያ ነው። ወጣት ነው፣ የድሬ ልጅ። አንተ ይለኛል፣ አንተ እለዋለሁ፤ ወደዚህ አገር ሚኒስትርም ቢመጣ አንተ ነው። በ30 ሜትር ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ምልክት አስቀምጦ ለስድስት ደቂቃ አመላለሰኝ። ሩጫ አይደለም። በራስህ እርምጃ ትሄዳለህ፤ ሲደክምህ መቆም ይፈቀዳል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምልህም። ሲያልቅ የሄድከው ሜትር ይጻፋል። ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰክቶ ቁጥሩን ሲከታተል ቆየ፤ ከ90 በታች ከወረደ ወዲያው እንድቆም አስጠንቅቆኝ ነበር። አልወረደም፤ ግን ከ90 ብዙም አልራቀም።

ከዚያ የተናገረውን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፦ «ሳንባህን አዲስ አላደርገውም። እግርህን ግን እናድሳለን። የበረታ እግር ለተመሳሳይ መንገድ የሚጠይቀው አየር ያንሳል፤ ያኔ ያለህ ሳንባ ይበቃሃል።» እስከዛሬ የደከመኝ ሁሉ ከሳንባዬ የመጣ ነበር የሚመስለኝ። ለካ የላላ ጡንቻ አየር አባካኝ ነው።

ሁለት ነገር ሰጥቶ ሸኘኝ። አንዱ አተነፋፈስ ነው፦ በአፍንጫ ሁለት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርን ሾጠጥ አድርጎ አራት እየቆጠሩ ማውጣት። እንዲህ ሲወጣ የአየር ቧንቧዎቹ ቶሎ ስለማይከደኑ ውስጥ ታምቆ የቀረው አየር ይወጣል፤ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። ሁለተኛው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው፣ እጅ ሳያግዝ። ከፍ ባለ ወንበር ተጀምሮ ወደ በርጩማ ይወረዳል። ድካምን ከ0 እስከ 10 ለራስ ነጥብ እየሰጡ፣ 3 ወይም 4 ላይ መቆየት። ደብተሬ ውስጥ የምጽፈው ቁጥር ይሄ ነው፤ ስንት ጊዜ ተነሣሁ ሳይሆን ስንት ላይ ተውኩት።

የካቲት

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ የሚኖር ሰው ሜዳ የለውም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከኤረር በር ወደ ላይ ስትሄድ ደግሞ ሁሉም ዳገት፣ ሁሉም ድንጋይ ነው። በመጀመሪያ አማረርኩ። አሁን ሳስበው ግን የቤቴ አቀማመጥ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነው፦ ጠዋት ጉልበት ሳለኝ ዳገቱ፣ ማታ ሲያልቅብኝ ቁልቁለቱ። ቤታቸው ላይ፣ ሥራቸው ታች የሆነ ሰዎች ይህን አያገኙም፤ ለእነሱ ከሆነ ምክሬ ለልምምድ ሲወጡ መጀመሪያ ዳገት ያለበትን አቅጣጫ እንዲመርጡ ነው።

እስካሁን መኪና ግርግር አልደረስኩም። ከቤቴ እስከ አንዱ አድባር፣ ከአድባሩ እስከ አንድ አረንጓዴ በር፣ እያልኩ ማረፊያዎቼን ቀድሜ ወስኛለሁ። ደከመኝ አልደከመኝ እዚያ ስደርስ እቆማለሁ። ይሄ ነው ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ። አረንጓዴው በር ላይ የሚቀመጡት የአደሬ አዛውንት «ገና ላብ እንኳ አላለብህ፣ ምን ያስቆምሃል?» ይሉኛል። ላብ ሳያልበኝ ስለቆምኩ ነው ቀጣዩን የምሄደው። ትንፋሽ ካለቀ በኋላ የሚወሰድ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ይበላል። መንገድ ላይ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለኝ፤ እየሄድኩ ሰላምታ ሙሉውን መመለስ ከቻልኩ ልክ ነው። የሐረር ሰላምታ ደግሞ አጭር አይደለም።

ስለ ጭስ አንድ ነገር፦ እናቴ ቡና ስታፈላ ዕጣኑ ሲጨስ እኔ ግቢ እቀመጣለሁ። ቅር አሰኝቷት ነበር፤ አሁን ዕጣኑን ቡናው ካለቀ በኋላ ታደርገዋለች። የከሰል ካውያዬንም ሸጥኩት።

የካቲት መጨረሻ

ጣቶቼ።

መራመድ እየተሻሻለ ነው፤ ጣቶቼ ግን ቆመዋል። ልብስ ሰፊ ጨርቅን የሚያውቀው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸት ሲያደርገው ነው። ገበሩ ተንሸራቶ እንደሆነ፣ ክሩ ላልቶ እንደሆነ ሳታይ ታውቃለህ። እኔ አሁን ፖሊስተርና ጥጥ ዓይኔን ጨፍኜ መለየት አልችልም። ባለፈው ለልጄ ቁልፍ ስተክል መርፌው እንደወጋኝ ያወቅኩት ነጭ ሸሚዟ ላይ ቀይ ነጥብ ሳይ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘልኝ መድኃኒት አልነበረም፤ ጎድጓዳ ሳህንና ስንዴ ነው። ስንዴው ውስጥ የተለያየ ቁልፍ ትቀብራለህ፤ ትልቅ የኮት ቁልፍ፣ ባለ አራት ቀዳዳ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የብረት መንጠቆ። መጀመሪያ እያየህ ትነካካለህ፣ «ይሄ የኮት ነው፣ ጠርዙ ወፍራም ነው» እያልክ ለጣትህ ታስተምረዋለህ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ ትፈልጋለህ። ካገኘህ በኋላ ከፍተህ ታረጋግጣለህ። ነርቩ በራሱ ጊዜ ነው የሚያገግመው፣ ሙሉ በሙሉም ላያገግም ይችላል፤ ልምምዱ የሚሠራው የሚመጣለትን ደካማ መልእክት አንጎል በትክክል እንዲያነበው ነው።

ልጄ ጨዋታ አድርጋዋለች። ትቀብርና «አባ፣ ምንድነው?» ትለኛለች። የኮቱ ቁልፍ ከገባኝ ሰነበተ። የሸሚዙ ላይ ግን ቀዳዳው ሁለት ይሁን አራት አሁንም በግምት ነው። አንድ ቀን ባቄላ ቀብራ አስቃኛለች፤ ቁልፍ ነው ብዬ ስከራከር ቆይቼ።

እግርን በተመለከተ ጨዋታ የለም። ማታ ማታ ውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ፤ ቁስል፣ ስንጥቅ፣ የገባ እሾህ። በባዶ እግር ግቢም አልወጣም። ጫማ ሳጠልቅ መጀመሪያ አራግፋለሁ። እናቴ እግሬን በሙቅ ውሃ ልታጥብ ስትል ውሃውን የሚፈትነው የእሷ ክርን ነው፣ የእኔ እግር አይደለም።

መጋቢት

ጾም ነው። ክብደቴ ገና ከበሽታው በፊት ከነበረው በጣም ይርቃል፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። የነፍስ አባቴን ሄጄ ጠየቅኩ። ሳያስጨርሱኝ «የታመመ ሰው ጾሙ መድኃኒቱ ነው፣ ብላ» አሉኝ። እናቴ ግን ካፋቸው ካልሰማሁ ብላ ራሷ ሄዳ አረጋግጣለች። እንዲያም ሆኖ ቤቱ ሁሉ ሲጾም እንቁላሉ ከጉሮሮዬ አይወርድም፤ ስለዚህ ማስታረቂያ አበጀሁ። ጠዋት እንቁላል እበላለሁ፣ ምሳና እራት ከቤተሰቡ ጋር ምስር ወይም ሽሮ፣ በመሐል ደግሞ የባቢሌ ለውዝ። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲን አለው፤ 100 ግራም ለውዝ ከ20 ግራም በላይ። ለውዙን ገዝቶ መልቀም ያስፈልጋል፤ የሻገተው፣ የተጨማደደው፣ ቀለሙ የተለወጠው ይጣላል፤ የሻጋታው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ የእኔ ጉበት ደግሞ በኪኒን በቂውን አይቷል።

የተማርኩት ዋናው ነገር ማከፋፈል ነው። ማታ ላይ ትልቅ ሥጋ ከመብላት ሦስቱም ገበታ ላይ ትንሽ ትንሽ ፕሮቲን ማግኘት ለጡንቻ ይሻላል። ሆድ ሲሞላም ወደ ላይ ገፍቶ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ለደከመ ሳንባ ትንሽ ሳህን ደጋግሞ ይመረጣል።

ጫት ሌላ ጣጣ ነው። ሐረር ላይ ከሰዓት በኋላ የማይቅም ሰው ከማን ጋር ይቀመጣል? የምግብ ፍላጎቴን ስለሚዘጋና እንቅልፌን ስለሚወስድ ትቼዋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን በርጫው ላይ ለወሬ ብቻ እንድመጣ ይጠሩኛል። በጭስ የታፈነ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልችልም አልኳቸው። አንዱ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተው፤ ሌላው በረደኝ ብሎ ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ቤቴ እተኛለሁ።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ

መኪና ግርግር በእግሬ ደረስኩ። ሦስት ማረፊያ ይዤ፣ ግን በእግሬ። ስለዚህ ቀን ብዙ የምጽፈው የለም፤ ደርሼ ወንበር ላይ ስወድቅ ጎረቤቴ ሰፊ መኪናውን ሳያቆም «አቦ፣ ኪራዩ አልቀነሰም» አለኝ። ከዚህ የበለጠ አቀባበል አልፈለግኩም።

መኪናዬ ከአባቴ የወረስኳት ባለ እግር ሲንጀር ናት። ብዙ ሰው ወደ ሞተር ለውጣት ይለኛል፤ መብራት ሲሄድ ማን ያሠራኛል የሚለው ድሮም መልሴ ነበር። አሁን ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። መርገጫውን ስትረግጥ የሚሠራው ባትህና ቁርጭምጭሚትህ ነው፤ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። ፊዚዮቴራፒስቱ የሰጠኝ የእግር ልምምድ ከዚህ ምንም አይለይም። ቪዲዮ አንሥቼ ሳሳየው «ይህን ማሽን ለሌሎቹም ታመጣልኛለህ?» አለኝ።

ችግሩ የደነዘዘ እግር መርገጫው የት እንዳለ አያውቅም። ባለ እግር መኪና የሠራ ሰው ይህን ይረዳል፦ ጎማው በተቃራኒ አቅጣጫ ከተነሣ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይም ከታች ይቋጠራል። ጤነኛ እግር መርገጫው ጫፍ ላይ መቆሙን በውስጡ ያውቀዋል፤ በትክክለኛው ቅጽበት ይገፋል። የእኔ እግር አያውቅም። ስለዚህ እንደ አዲስ ተለማማጅ ከዜሮ ተጀመረ።

መጀመሪያ ቺንጊያውን ፈታሁት። ያለ ቺንጊያ መርገጫውና ትልቁ ጎማ ብቻ ይዞራሉ፤ ላይኛው ክፍል አይንቀሳቀስም፣ ቀላል ነው። እግሬን ሳይሆን ጎማውን እያየሁ ረገጥኩ፤ ጎማው ላይ በጠመኔ መስመር ስላሰመርኩ የት እንደደረሰ ይታየኛል። ስስ ሶል ያለው ጫማ አደረግኩ፤ በወፍራሙ ጫማ የምትሰማኝ ጥቂቷም ትጠፋለች። ባቴ ሲግል ማቆም፣ ከንፈር ሾጠጥ አድርጎ መተንፈስ፣ እንደገና። ከሳምንት በኋላ ቺንጊያው ተመለሰ፣ መርፌው ግን ወጣ። ከዚያ መርፌ ያለ ክር፣ የልጄን የደብተር ወረቀት አድርጌ መስመሯን ተከትዬ መውጋት። ልጅ ሆኜ አባቴ ያስተማረኝ እንዲሁ ነበር፤ ወረቀት የፈጀሁት በዚያ ዕድሜ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የሚገርመው እግሬ ያጣውን ጆሮዬ ተካው። ጎማው በትክክል ሲዞር አንድ ወጥ ድምፅ አለው፤ ሊቆም ሲል ይቆራረጣል። አሁን ወደ ታች ሳላይ በድምፁ ብቻ እጀምራለሁ። የሚያስቸግረኝ የጎረቤቶቼ መኪኖች ሁሉ አብረው ሲጮኹ ነው፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ጠዋት እነሱ ሳይሞሉ እጀምራለሁ።

ግንቦት

የመጀመሪያው የሚከፈልበት ሥራ ሽርጥ ነው። ሽርጥ ለመስፋት ማንም አይቸገርም፤ ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ አንድ ቀጥ ያለ ስፌት። ቀጥሎ ድሪያ የሚባለው ሰፊ የሴት ቀሚስ፤ ጨርቁ ስስ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ግን ስፌቱ ቀጥታ ነው። ሱሪ ማሳጠር ጀምሬያለሁ። የእጅ ዘምዘማና የቁልፍ ቀዳዳ አልነካም።

መሥሪያውን አስተካክያለሁ። የመቁረጫ ጠረጴዛውን በብሎኬት ከፍ አደረግኩት፤ ጎንበስ ስል ሆዴ ሳንባዬን ስለሚጫነው ነው ትንፋሼ የሚያጥረው። ከላይ መደርደሪያ ላይ የነበረው ክር ሁሉ ወርዶ በወገቤና በትከሻዬ መካከል ሆኗል፤ እጅን ከራስ በላይ አንሥቶ መሥራት የሚወስደው ጉልበት ያልታመመ ሰው አይገባውም። ካውያው የኤሌክትሪክ ነው፣ ተቀምጬ ነው የምተኩሰው። መርፌዎቼ ማግኔት ላይ ናቸው፤ ማታ ሳልቆጥር አልሄድም፤ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ለእኔ እግር አደገኛ ነው።

አሁን ስለ ሰው ልጻፍ። አንዳንድ ደንበኞች መጥተው በሩ ላይ ቆመው ይመለሳሉ። አንዷ የድሮ ደንበኛዬ ጨርቅ ልትሰጠኝ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ቲቢ በልብስ አይተላለፍም። በብርጭቆ፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም። የሚተላለፈው ያልታከመ የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲናገር ወደ አየር በሚለቀው ነገር ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በተዘጋ ቤት አብሮ ረጅም ሰዓት ለሚቆይ። ይህን በየቀኑ ለእያንዳንዱ መናገር ሰለቸኝ፤ ካርዴን ላሚኔት አሠርቼ ከመኪናዬ ጎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የሚያነበው ጥቂት ነው፤ መሰቀሉ ግን ራሱ የሚናገረው አለ። በሩንና የኋላውን መስኮት ሁልጊዜ ከፍቼ እሠራለሁ፤ ይሄ ለሳንባዬም ለሰዉም ነው።

አንድ ልማዴን ግን ለሰዉ ስል ቀይሬያለሁ። ሰፊ ሁሉ መርፌ ሲያስገባ ክሩን በምራቁ ያረጥባል። አሁን ሰም ነው የምጠቀመው፤ ክሩን ሰሙ ላይ ስቤ ጫፉን በመቀስ ሰያፍ እቆርጠዋለሁ። ለደነዘዘ ጣትም ይሻላል፣ ክሩ ጠንከር ያለ ስለሚሆን ይታዘዛል። ጎረቤቴ አይቶ ከሰሙ ቁራጭ ወሰደ።

ሰኔ

ጉንፋን። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች፤ እሷ በሁለት ቀን ተነሣች፣ እኔ ሰነበትኩ። ሳል ሲጀምረኝ ቤቱ ዝም አለ፤ ማንም ያሰበውን አልተናገረም። አክታ ሰጠሁ፤ ንጹሕ ነው። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ማታ ማታ ላብ ካጠመቀ፣ ክብደት ከወረደ ወይም ደም ከታየ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ ተነግሮኛል፤ እስከዚያ አልደረሰም። ዳገቱን ግን ከአረንጓዴው በር ጀምሬ እንደገና መገንባት ግድ ሆነ። አዛውንቱ «ተመለስክ?» አሉኝ። ተመለስኩ።

ሐምሌ

የክረምቱ ዝናብ የጁገልን ድንጋይ ያሙለጨልጫል። የማይሰማ እግርና እርጥብ ድንጋይ አብረው አይሄዱም፤ እግሬ ሲንሸራተት የማውቀው ጉልበቴ ሲታጠፍ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ከጉልበት ይልቅ ሚዛን ላይ ሠራሁ። ግድግዳ ተጠግቶ፣ ሳይነኩ፣ በአንድ እግር መቆም። ተረከዝን ከጣት አስጠግቶ በአንድ መስመር መሄድ። ሳይጨልም መግባት፤ በጨለማ ዓይኔ ስለማያግዘኝ እግሬ የሚመራበት ነገር የለውም። ጥርሱ ያላለቀ የጎማ ሶል ገዛሁ።

ዝናብ በሌለበት ጠዋት የግንቡን ውጭ ይዤ ከኤረር በር ወደ ሳንጋ በር፣ ከዚያ ወደ ቡዳ በር እሄዳለሁ። አሚር ኑር ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲያሠራ ስለ እኔ እንዳላሰበ ግልጽ ነው፤ ግን ከበር በር ያለው ርቀት ለልምምድ ልክ ነው፤ ሲበቃህ በአንዱ ገብተህ ወደ ቤትህ ታቋርጣለህ። ሳንጋ በር በኩል ማታ ጅብ ለማየት የሚመጡት ቱሪስቶች ናቸው የሚበዙት፤ ጠዋት ፍየልና ባጃጅ።

ውሃ በፈረቃ ነው። ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን ከግቢው ቧንቧ እስከ ማድቤት መሸከም የእኔ ሆኗል። ባለቤቴ መጀመሪያ ከለከለችኝ፤ ኋላ ደብተሬን አሳየኋት፣ 4 ነጥብ ነው። አሁን ሁለት ይዤ፣ በሁለት እጄ፣ እኩል አድርጌ። ሃያ ሊትሩን አልሞክረውም፤ ለእሱ የጎረቤት ልጅ ይመጣል፣ ይከፈለዋል።

ፊዚዮቴራፒስቱ ኮሪደሩ ላይ እንደገና ለካኝ። ጥር ላይ ከሄድኩት በግልጽ በልጦ፣ ጣቴ ላይ ያለው ቁጥርም ብዙ ሳይወርድ ጨረስኩ። ራጁ ላይ ጠባሳው እዚያው ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር አልተነቃነቀም። እሱ የተናገረው ልክ ነበር፤ የተለወጠው እግሬ ነው።

ነሐሴ

የዩኒፎርም ወቅት። ድሮ በነሐሴ ሌሊቱን ነበር የምሰፋው፤ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ላይ እተኛ ነበር። ዘንድሮ እንዲያ አይሆንም፤ የሚሆን እንዳይመስለኝም ቀድሜ ደብተሬ ላይ ሥራውን ከፋፈልኩት። መቁረጥ የሚበላው ጉልበት ከሁሉ ይበልጣል፣ መቆምም አለው፤ ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ ለእሱ። ቀጥሎ ስፌት፣ ተቀምጦ። ከምሳ በኋላ ቤት ዕረፍት። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሶ መተኮስና ልክ መውሰድ፣ እስከ አሥራ ሁለት።

ተለማማጅ ቀጥሬያለሁ፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ እጁ ፈጣን፣ ልኩ ግን ያጠራጥራል። ኪስና ዚፕ እሱ፣ አንገትና እጅጌ እኔ። የእጅ ዘምዘማውና የቁልፍ ቀዳዳው በቁጥር እየተከፈለ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። ከሸሚዙ ዋጋ ተቀንሶ የሚተርፈኝ ከድሮው ያነሰ ነው፤ ሒሳቡን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ሠርተነዋል፣ ኪራዩንና ቀለቡን ይሸፍናል፣ ለዕቁብ ግን አይበቃም። ዕቁቡን ወጥቻለሁ። ይሄ ከዳገቱ ይልቅ ከበደኝ፤ ዳኛው «ቦታህን እንይዝልሃለን» ቢልም ዕጣው አይጠብቅም።

ጣቶቼ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ አራት ቀዳዳ መቁጠር ጀምረዋል፣ በቀኝ እጅ። ግራው ገና ነው። ፊቴም ግንባሬ አካባቢ መለቀቅ ይዟል፤ ፈረስ መጋላ ላይ አሁን የሚሉኝ «አቦ ወፈርክ» ነው። ቀጣዩ ክትትል ጥቅምት ላይ ነው፤ አክታም ራጅም ይታያል። እስከዚያ የማሻሽለው ነገር ግራ እጄንና ከላይኛው አድባር እስከ ሱቁ ያለችውን የመጨረሻዋን ዳገት ነው፤ እዚያ አሁንም እቆማለሁ።

ከነሐሴ 20 በኋላ የሚመጣ ዩኒፎርም እንደማልቀበል በሩ ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ዛሬ ያቺ ጨርቋን መልሳ የሰበሰበችው ደንበኛዬ ሦስት ልጆቿን አስከትላ መጣች። ጽሑፉን አሳየኋት። «አቦ ይሄ ለሌላው ነው» ብላ የበኩር ልጇን ፊቴ አቆመችው። ትልቁን ለካሁ፤ ሁለቱን ትናንሾች ወደ ጎረቤቴ ላክኋቸው።